ከረጢቱ ከተዘጋ በኋላ

ሰቆጣ፣ የፍልሰታ ጾም ሊፈታ ጥቂት ቀን ሲቀረው። አጎትየው በትልቁ አንጀት መጨረሻ ላይ በበቀለ ካንሰር ምክንያት አዲስ አበባ ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸው አርሶ አደር ናቸው። የእህታቸው ልጅ ባሕር ዳር በቀዶ ሕክምና ክፍል የምትሠራ ነርስ ስትሆን ለሻደይ በዓል መጥታለች። ባለቤታቸው ጓዳ ናቸው።

ነርሷ፦ ጋሼ፣ ዘጠኝ ሰዓት ካለፈ ቆየ። እትዬ ሁለቴ አቀረቡልዎ፣ ሁለቴም መለሱት።

አጎት፦ ጾም አይደል ልጄ። እስኪመሽ ልቆየው ብዬ ነው።

ነርሷ፦ ለጾሙ ቢሆን አፌን አልከፍትም ነበር። ሐምሌ ውስጥ፣ የሐዋርያት ጾም ከተፈታ በኋላም፣ ገበያ በሚወጡበት ቀን ከዋዜማው ጀምሮ እህል እንደማይቀምሱ እትዬ በስልክ ነግረውኛል። ለቅሶ ሲሄዱም እንደዚያው። ቀበቶዎ ላይ በምስማር የተበሱ አዳዲስ ቀዳዳዎችም አየሁ።

አጎት፦ ከበላሁ ይመጣል፤ ካልበላሁ አይመጣም። ነገሩ ይኸው ነው።

ነርሷ፦ ምኑ?

አጎት፦ አንቺ እኮ የእህቴ ልጅ ነሽ። ይህን በየት አፌ ልንገርሽ?

ነርሷ፦ እንግዲያው እኔ ልናገር፤ ከተሳሳትኩ ያርሙኝ። ሽንት ቤት ገብተው ጥቂት ይወጣዎታል። ጨረስኩ ብለው ሲወጡ፣ እጅዎን ታጥበው ሳይጨርሱ እንደገና ያጣድፍዎታል። ሦስት አራት ጊዜ እንዲህ ይመላለሳሉ። ከዚያ አንድ ቀን ሙሉ ጭራሽ የለም። ሲመጣ ደግሞ ከመደቡ ተነሥተው ጓሮ እስኪደርሱ እንኳ አይታገስም። አየር ነው ብለው የለቀቁትም አየር ብቻ ሆኖ አይገኝም።

አጎት፦ ማን ነገረሽ?

ነርሷ፦ የነገረኝ የለም። ያንን ቀዶ ሕክምና ያደረጉ ሰዎች የሚሉኝ ነው። ቄሱም፣ ሾፌሩም፣ አስተማሪዋም እንዲህ ይሉኛል።

አጎት፦ እኔ ደግሞ የእኔ ብቻ መስሎኝ። ያ የሆድ ላይ ከረጢት የተዘጋልኝ ጊዜ እዚህ ቤት ፍየል ታርዷል። ጎረቤቱ ሁሉ ተመስገን ብሎ፣ በልቶ ጠጥቶ ሄደ። በሳምንቱ ይህ ጀመረኝ። ታዲያ ማንን ጠርቼ ልንገር? ካንሰሩ ወጣልህ፣ ከረጢቱ ተነሣልህ፣ ደግሞ ምን ጎደለህ ነው የሚሉኝ። ሲያሰናብቱኝም እንዲህ ሊሆን ይችላል ያለኝ ሰው አልነበረም።

ነርሷ፦ ሊነገርዎት ይገባ ነበር። ችግሩ አብዛኛውን ጊዜ ራሱን የሚያሳየው ከረጢቱ ሲዘጋ ነው። እስከዚያ ሰገራው በሆድ በኩል ስለሚወጣ የታችኛው አንጀት ሥራ ላይ አልነበረም። ሬክተማቸው ወጥቶ አንጀታቸው ከተቀጠለላቸው ሰዎች ከግማሽ የሚበልጡት አንዱ ወይም ሌላው ችግር ያገኛቸዋል፤ ከአሥሩ አራቱ ያህል ደግሞ ይከብድባቸዋል።

አጎት፦ ቆርጠው ያወጡት በሽታውን ብቻ አይደለም እንዴ?

ነርሷ፦ አይደለም። ሬክተም የሚባለው የትልቁ አንጀት መጨረሻ ነው፤ ርዝመቱ ወደ 15 ሳንቲ ሜትር ቢሆን ነው። እንደ ስልቻ እየሰፋ ሰገራውን ይይዛል፣ ሲሞላ ይነግርዎታል፣ ቦታ እስኪያገኙም ይጠብቅዎታል። ዕጢው የበቀለው እሱ ላይ ስለሆነ ከነዙሪያው ሥብ ተነሥቶ ወጣ። ከዚያ ከላይ ያለውን አንጀት ወደ ታች ስበው ከፊንጢጣው ጋር ሰፉት። ያ አንጀት ደግሞ መግፋት እንጂ መያዝ አያውቅም፤ እንደ መጀመሪያው አይሰፋም። ጨረሩ የተወው ጠባሳ አለ፤ በቀዶው ጊዜ የሚነኩ ነርቮችም አሉ። ስለዚህ ጥቂት ሲደርሰው ይገፋል፣ ያርፋል፣ ደግሞ ይገፋል። እርስዎ ያጠፉት ነገር የለም።

አጎት፦ እንዲህ ከሆነ ቀድሞውን ባይቀጥሉትስ?

ነርሷ፦ ድሮ አይቀጥሉትም ነበር። እንግሊዛዊው ሐኪም ኧርነስት ማይልስ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1908 ያስተማረው ቀዶ ሕክምና ሬክተሙን ከነፊንጢጣው ያወጣ ነበር። ሕመምተኛው ዕድሜ ልኩን በሆዱ በኩል ነው የሚወጣው። በኋላ፣ በ1982፣ ቢል ሄልድ የተባለ ሌላ እንግሊዛዊ ሬክተሙን በዙሪያው ካለው ሥብ ጋር፣ መጠቅለያው ሳይቀደድ ማውጣትን አሳየ። በዚህ መንገድ ካንሰሩ እዚያው ቦታ ተመልሶ መብቀሉ በጣም ቀነሰ፤ ፊንጢጣቸው የሚተርፍላቸውም በዙ። የእርስዎ ችግር የመጣው ፊንጢጣዎ ስለተረፈልዎ ነው።

አጎት፦ ያኔ ቢጠይቁኝም አትርፉልኝ ነበር የምለው። አሁን ግን አንዳንድ ሌሊት ከረጢቱን እመኛለሁ።

ነርሷ፦ ይህን ለሐኪምዎ ይንገሩ። ሌላው ሁሉ ተሞክሮ አልሆን ካለ ወደ ከረጢት መመለስም አንድ ሕክምና ነው፤ እሱን መርጠው ወደ ሥራቸው የተመለሱ ሰዎች አሉ። ከረጢቱ በእኛ አገር ውድ ነው፣ እንደ ልብም አይገኝም፤ ስለዚህ እዚያ ከመድረሳችን በፊት ገና ያልነካነው ብዙ ነገር አለ። አምስት ጥያቄ ልጠይቅዎ። የዴንማርክ ሐኪሞች ያዘጋጁት ነው፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ2012 ታትሞ አሁን ብዙ አገር ይሠሩበታል። አየር ሳይፈልጉ ያመልጥዎታል?

አጎት፦ በየቀኑ።

ነርሷ፦ 7 ነጥብ። ቀጭን ሰገራስ?

አጎት፦ እሱም ያመልጠኛል።

ነርሷ፦ 3። በቀን ስንት ጊዜ ይቀመጣሉ?

አጎት፦ ሲብስበት ከስምንት ያልፋል።

ነርሷ፦ 4። ከወጡ በኋላ አንድ ሰዓት ሳይሞላ ተመልሰው ይገባሉ?

አጎት፦ አሁን አንቺው ተናገርሽው።

ነርሷ፦ 11። ሮጠው መድረስ ግድ እስኪሆንብዎ ያጣድፍዎታል?

አጎት፦ ሁልጊዜ።

ነርሷ፦ 16። ሲደመር 41 ነው፤ ትልቁ 42 ነው። ከ30 ጀምሮ ያለው ከባድ ይባላል። አሁን አንድ ነገር ያስተውሉልኝ። የቀጭን ሰገራው ማምለጥ 3 ብቻ ሲሰጠው ማጣደፉ 16 ተሰጥቶታል። ነጥቡን የመዘኑት ሕመምተኞቹ ራሳቸው ስለ ኑሯቸው ከተናገሩት ተነሥተው ነው። ሰው ቤት የሚያውለው የልብሱ መበላሸት ብቻ እንዳልሆነ ከዚህ ያዩታል። መቼ እንደሚመጣ አለማወቁ ነው።

አጎት፦ እውነት ነው። የቆሸሸ ይታጠባል። ከሰው መካከል ብድግ ብሎ መሮጡ ግን… ቅዳሴውን እንኳ ከቅጥሩ በር ቆሜ ነው የምሰማው።

ነርሷ፦ እንግዲህ ወደ መብላቱ እንመለስ። እህል ሲገባ ትልቁ አንጀት ይነቃል፤ የማንም ሰው አንጀት እንደዚያ ነው። ‹ከበላሁ ይመጣል› ያሉት ልክ ነው። ችግሩ ከዚያ በኋላ ያደረጉት ነው። ቀኑን ሙሉ ባዶ ውለው ማታ በአንድ ጊዜ ጠግበው ይበላሉ፤ ያውም ሽሮውን፣ ባቄላውን፣ በርበሬውንና ቀይ ሽንኩርቱን። ያ ሁሉ የሚገፋው ሌሊት ነው። ለመሆኑ የሚብስብዎ መቼ ነው?

አጎት፦ ከስድስት ሰዓት እስከ ዶሮ ጩኸት።

ነርሷ፦ አዩ። ባዶ አንጀትም ቢሆን ዝም አይልም፤ ንፍጥና ውሃ ይገፋል፤ እሱ ደግሞ ከተሰበሰበው ሰገራ ይልቅ ለመያዝ ያስቸግራል። ባለመብላት ያገኙት የገበያውን ሰዓት ብቻ ነው፤ ሌሊቱንና ጉልበትዎን ከፍለውበታል። ቀዶ ሕክምና የተደረገለት፣ ጨረርና ኬሞ የወሰደ ሰውነት ደግሞ ሥጋውን መልሶ መገንባት አለበት።

(ባለቤታቸው ከጓዳ ይወጣሉ።)

ባለቤታቸው፦ እሰይ! ተናገሪልኝ። የጤና ኤክስቴንሽኗ እየመጣች የልጅ ልጆቻችንን ክንድ ትለካለች። የሰቆጣ ቃል ኪዳን ነው፣ ልጅ አይቀንጭር ተብሏል ትላለች፤ እግዜር ይስጣት። የሱን ክንድ የሚለካው ማን ነው? በ77 እህል አጥተን ኮረም ድረስ በእግራችን የሄድን ሰዎች ነን። ዛሬ ሞሰቡ ቀርቦለት ፊቱን ሲያዞር ሳይ አንጀቴ ይቃጠላል።

አጎት፦ ተይ አንቺ ደግሞ።

ባለቤታቸው፦ አልተውም። አንሶላውን ጎረቤት እንዳያይ እያለ ሌሊት ተነሥቶ ራሱ ያጥባል። በብርዱ! እኔ የተኛሁ ይመስለዋል። አልጋውን ትቶ መደብ ላይ መተኛት ከጀመረ ቆይቷል። እኔ አልሸሸሁትም፣ እሱ ነው የሸሸኝ። ሠላሳ ስንት ዓመት አብሮኝ የኖረ ሰው ይሸተኛል ብሎ ሸሸኝ።

አጎት፦ ላንቺው ብዬ ነው።

ባለቤታቸው፦ ለእኔ ከሆነ ተመለስ።

ነርሷ፦ እትዬ፣ አልጋው ላይ ከአንሶላው ሥር ላስቲክ ይነጠፍ። ፖፖ ወይም መካከሉ የተበሳ ወንበር ማታ ማታ አጠገባቸው ይቀመጥ፤ በጨለማ ጓሮ መሮጥ መውደቅንም ያመጣል። ደግሞ ጋሼ፣ መቀመጫዎ ቆስሏል መሰለኝ፤ አቀማመጥዎን አይቻለሁ።

አጎት፦ ይለበልበኛል። በአረቄ እጠርገዋለሁ፣ እንዳያመረቅዝ።

ነርሷ፦ አረቄውን ከዛሬ ጀምሮ ይተዉት! ቆዳውን የሚያነደው እሱ ነው። መዓዛ ያለው ሳሙናም ይቅር። በሃይላንድ ለብ ያለ ውሃ እያፈሰሱ ይታጠቡ፣ በንጹሕ ጨርቅ ሳያሹ ተጭነው ያድርቁ፣ ከዚያ ቫዝሊን ወይም ከፋርማሲ ዚንክ ኦክሳይድ የሚባለውን ቅባት በስሱ ይቀቡ። በየጊዜው፣ ሳይቆስል በፊት። ከሁሉ ፈጥኖ ለውጥ የሚያዩት በዚህ ነው።

ባለቤታቸው፦ ምን ላብላው? እሱን ንገሪኝ።

ነርሷ፦ ጥቂት ጥቂት፣ በታወቀ ሰዓት። ሰዓቱ ከምግቡ ዓይነት አይተናነስም፤ አንጀቱ ሰዓት ሲለምድ መምጫውም እየታወቀ ይሄዳል። ሰገራን ሰብሰብ የሚያደርጉት ሩዝ፣ የተቀቀለ ድንች፣ ሙዝ፣ የአጃ ገንፎ ናቸው፤ ሁሉም የጾም ናቸው። ሽሮው አይከለከልም፤ ግን አልጫ ይሁን፣ መጠኑም ይነስ። ባቄላና ምስር አየር ያበዛሉ። ቡና፣ በርበሬ፣ ጠላ ብዙ ሰው ያጣድፋሉ፤ ለአንዱ የሚስማማው ግን ለሌላው አይስማማም። ሁሉንም በአንድ ቀን ከማስቀረት አንዱን ለሳምንት ትቶ ማየት ይሻላል። የልጅ ልጅዎ ጽሑፍ ያውቅ የለ? የበሉትንና የወጡበትን ሰዓት በደብተር ይጻፍልዎ። ውሃ ግን አይቀንሱ። ብዙ በተቀመጡበት ቀን ኦአርኤስ በጥብጠው ይጠጡ።

አጎት፦ ጾሙንስ? ጧት ብላ እያልሽኝ እኮ ነው።

ነርሷ፦ የንስሐ አባትዎ ሕመምዎን ያውቃሉ?

አጎት፦ ቀዶውን ያውቃሉ። ይህን አልነገርኳቸውም።

ነርሷ፦ ይንገሯቸው። ፍትሐ ነገሥቱ ራሱ ሕመምተኛን ከጾም ግዴታ ያሳርፋል፤ እሳቸው ከእኔ የተሻለ ያውቁታል። ስለ ቅዳሴውና ስለ ቁርባኑም እሳቸውን ይጠይቁ፤ ራስዎ ላይ ፈርደው ከበሩ አይቁሙ። እኔን የሚያስጨንቀኝ ሰው ጾመኛ ነው እያለ ሲያከብርዎ፣ እርስዎ ደግሞ በፍርሃት መራብዎ ነው።

አጎት፦ (ቆይተው) ይህንንም ነው ለአባ የምነግራቸው። የሚከብደኝ እሱ ነበር።

ባለቤታቸው፦ መድኃኒት የለውም?

ነርሷ፦ አለው። በመጀመሪያ ግን ነገ ተፈራ ኃይሉ ሆስፒታል ሄደው ሰገራ ይመርመሩ። በእኛ አገር ጃርዲያውም አሜባውም አለ፤ ያስቀመጠው ሁሉ ከቀዶው የመጣ አይደለም። ከዚያ ሐኪሙ ከፈቀደ ሎፐራማይድ የሚባል ክኒን አለ፤ የአንጀቱን ግፊት ያዘገየዋል። ምግብ ከመቅረቡ ግማሽ ሰዓት በፊት ይዋጣል፤ ካጣደፈ በኋላ መዋጡ ብዙም አይጠቅም። በትንሹ ተጀምሮ እየታየ ይጨመራል። የአንዱ ክኒን መጠን 2 ሚሊ ግራም ነው፤ በቀን ከስምንት ክኒን ማለፍ ለልብ አደገኛ ነው፤ ያን ያህል የሚያስፈልገውም ጥቂት ሰው ነው። ትኩሳት ወይም ደም ካለ አይወሰድም። ሰገራው ከቆመም ያቆሙታል።

አጎት፦ የሚለማመዱት ነገር አለ ሲሉ ሰምቼ ነበር፣ ከአንድ የመኝታ ጎረቤቴ።

ነርሷ፦ አለ። ሰው መካከል አየር እንዳያመልጥዎ እንደሚቋጥሩት ያድርጉ። ሆድዎንና ጭንዎን ሳያጠብቁ፣ ትንፋሽዎን ሳይዙ፣ ያንን ጡንቻ ብቻ። እስከ አምስት ይቁጠሩ፣ ይልቀቁት፣ ይረፉ፣ ይድገሙት። ተቀምጠውም፣ ከብት ሲጠብቁም ይቻላል፤ ማንም አያይዎትም። ጥቅሙ የሚታየው በሳምንት ሳይሆን በወራት ነው። ከዚህ ሁሉ በኋላ ካልተሻለ፣ በየቀኑ ወይም በየሁለት ቀኑ በታች በኩል ለብ ያለ ንጹሕ ውሃ አስገብቶ አንጀቱን ባዶ ማድረግ አለ። ስፌቱ በሐኪም ሳይታይና ሳይሠለጥኑ ግን ፈጽሞ አይሞከርም።

አጎት፦ ይድናል ነው የምትይኝ?

ነርሷ፦ እንደ ድሮው ይሆናል ብዬ አልዋሽዎትም። ስልቻው ተመልሶ አይበቅልም። ብዙ ሰው በመጀመሪያው ዓመትና በሁለተኛው ውስጥ እየተሻለው ይሄዳል፤ ከዚያ በኋላ ለውጡ ይዘገያል። እርስዎ ከረጢቱን ከዘጉልዎት ገና ዓመት ከመንፈቅ ነው፤ ያውም ያለ ምንም ረዳት ነው የቆዩት።

ባለቤታቸው፦ ለክትትል ሂድ ሲሉት ቀርቷል። መኪናውን ፈርቶ።

አጎት፦ እንዴት ልሂድ? ከሰቆጣ ቢልባላ፣ ላሊበላ፣ ጋሸና፣ ያንን ሁሉ ተዘግቶብኝ? መኪናው ውስጥ የሆነብኝን አንቺ አታውቂም።

ነርሷ፦ አውቃለሁ ማለት አልችልም። ከመናኸሪያው ሳይነሡ ግን ረዳቱን ለብቻው ጠርተው የአንጀት ቀዶ ሕክምና አለኝ፣ አቁም ስልህ አቁምልኝ ይበሉት። የሐኪም ወረቀት ይያዙ። ከበሩ አጠገብ ይቀመጡ። ከጉዞው በፊት ባለው ማታ ቀለል ያለ እራት በጊዜ፣ ጧት ክኒኑ፣ ከዚያ ጥቂት ሩዝ ወይም ሙዝ። በቦርሳዎ ቅያሪ ሱሪ፣ ሶፍት፣ ውሃ በሃይላንድ፣ ፌስታልና ዳይፐር። ዳይፐሩ አያሳፍርም፤ ሰው ልቡን አሳርፎ እንዲቀመጥ ያደርጋል። ልቡ ያረፈ ሰው ደግሞ ያን ያህል አያጣድፈውም። ክትትሉ መቅረት የለበትም፤ ካንሰሩ አለመመለሱ የሚታየው እዚያ ነው፤ አንጀትን በካሜራ የሚያየው ኮሎኖስኮፒም ከቀዶው በአንድ ዓመት ገደማ መደረግ ነበረበት። ደም ካዩ፣ ክብደትዎ እየበሉም ከቀነሰ፣ ሆድዎ ተነፍቶ አየርም ሰገራም አልወጣ ብሎ ካስታወከዎ ግን ክትትሉን አይጠብቁ፤ ያኑ ዕለት ሆስፒታል ነው።

ባለቤታቸው፦ ነሐሴ 16 የልጅ ልጃችን ሻደይ ትጫወታለች። አያቴ ካላየኝ አልወጣም ብላለች።

አጎት፦ ያን ሁሉ ሰው…

ነርሷ፦ ከአደባባዩ መሀል አይግቡ። የአክስቴ ቤት ጠርዙ ላይ ነው፤ ሽንት ቤቱም ከበሩ አጠገብ ነው። ልጃገረዶቹ ከበሮውን ይዘው በዚያ ነው የሚያልፉት። ጧት በሰዓትዎ በልተው፣ ክኒኑን ቀድመው ውጠው ከእኔ ጋር ይወጣሉ። ባይመችዎ ገብተው ይወጣሉ፤ የሚጠይቅዎም አይኖርም።

አጎት፦ በልቼ?

ነርሷ፦ በልተው።

ባለቤታቸው፦ እንግዲያው ለዛሬውም ድንች አልጫ አለኝ፣ ላቅርብ።

አጎት፦ አቅርቢ። (ወደ ነርሷ) አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ይህ በሽታ በዘር ይሄዳል?

ነርሷ፦ አንዳንዱ ይሄዳል። በዘር ባይሆንም፣ ወንድም ወይም ወላጅ ይህ ካንሰር ካለበት የሌላው ዕድል ከፍ ይላል፤ ስለዚህ ከ40 ዓመት ጀምሮ፣ ወይም ዘመዱ ከታመመበት ዕድሜ ላይ አሥር ዓመት ቀንሶ፣ ከሁለቱ ቀድሞ በሚደርሰው መመርመር ይመከራል። ለምን ጠየቁኝ?

አጎት፦ ደሃና ያለው ታናሼ። ለፋሲካ መጥቶ ኪንታሮት አስቸገረኝ ብሎኝ ነበር። እኔም መጀመሪያ ያሉኝ ኪንታሮት ነው። መድኃኒተኛው ቅጠል እየደቆሰ ሲለጥፍብኝ ስንት ወር ጠፋ። ታናሼ ሲነግረኝ የራሴን ማውራት ፈርቼ ዝም አልኩ።

ነርሷ፦ አዲስ አበባ ውስጥ ከ2004 ዓ.ም. ጀምሮ ካንሰር ይመዘገባል፤ በወንዶች ላይ ግንባር ቀደም ከሆኑት አንዱ ይኸው የአንጀት ካንሰር ነው። ብዙዎቹ እንደ እርስዎ ኪንታሮት ተብለው ዘግይተው ነው የሚመጡት። ኪንታሮት ሊሆንም ይችላል። ግን ከፊንጢጣው ቅርብ የበቀለ ዕጢ ብዙ ጊዜ ጓንት ባደረገ ሐኪም ጣት ይዳሰሳል፤ ለእሱ አዲስ አበባ መሄድ አያስፈልግም፣ እዚሁ ሰቆጣ ይታያል።

አጎት፦ ስልኩን አቀብዪኝ። ደም ታያለህ ወይ ብዬ ነው የምጠይቀው፣ አይደል?

ነርሷ፦ አዎ። ከመቼ ጀምሮ እንደሆነም ይጠይቁት። የሰገራው ውፍረት ቀንሶ እንደሆነ፣ ወጥቶ ሳለ አልወጣም የሚል ስሜት እንዳለው፣ ክብደት ቀንሶ እንደሆነ ይጠይቁት። አንዱንም አዎ ካለ በዚህ ሳምንት ይምጣ።

አጎት፦ ያፍራል። አይነግረኝም።

ነርሷ፦ መጀመሪያ የራስዎን ይንገሩት።